የዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተር በቤት ፋየርዎል ላይ፦ አመራረጥ፣ አሰያየምና የመብራት መቋረጥ



የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ በመጠኑ እጅግ ትንሽ የሆነ ዕቃ ነው። በአንድ ጫፉ ወደ ኮምፒውተር የዩኤስቢ ቀዳዳ ይገባል፤ በሌላው ጫፉ የኔትወርክ ኬብል ይቀበላል። ብዙዎቻችን ላፕቶፓችን የኬብል ቀዳዳ ሳይኖረው ሲቀር ገዝተን የምንጠቀምበት፣ ሥራው ሲያልቅ መሳቢያ ውስጥ የምንጥለው ነው። ይህ ዕቃ የቤት ፋየርዎል አካል ሲሆን ግን ጠባዩ ይለወጣል። እንደ ተራ መገናኛ ሲያገለግል ቢበላሽ የምናጣው ኢንተርኔት ነው፤ የፋየርዎል በር ሲሆን ግን ብልሽቱ ኢንተርኔቱን ሳያቋርጥ ጥበቃውን ብቻ ሊያስወግድ ይችላል። ንግግሬ በዋናነት የሚያተኩረው በዚህ ሁለተኛ ዓይነት ብልሽት ላይ ነው።

በመጀመሪያ በቤት ውስጥ ፋየርዎል ለምን እንደሚያስፈልግ ላንሣ። በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በውርጌሳ የተለመደው የአኗኗር ሁኔታ አንድ ግቢ፣ አንድ ዋና ቤት፣ ከጀርባው የተከራዮች ሰርቪስ ቤቶች ናቸው። መስመር ያለው ባለቤቱ ነው፤ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ግን ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜ፣ መስመር ያለው ሰው የይለፍ ቃሉን ለጎረቤት መንፈጉ ነውር ነበር። በዚህ ማኅበራዊ ልማድ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቴክኒካዊ ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ የፈተና ውጤት የያዘው የመምህሩ ላፕቶፕ፣ ከስሪንቃ የምርምር ማዕከል የመስክ መረጃ ይዞ የመጣው የተመራማሪ ኮምፒውተር፣ የተከራዩ ስልክና የልጆች መጫወቻ ታብሌት በአንድ ኔትወርክ ላይ ይቀመጣሉ፤ እርስ በርስም ይተያያሉ። ከአገልግሎት ሰጪው የተሰጠው ሣጥን ይህን አይለያይም፤ ሶፍትዌሩም የሚታደሰው በባለቤቱ ፈቃድ አይደለም።

ፋየርዎልን በአማርኛ ለማስረዳት ከሁሉ የሚቀርበው ቃል ኬላ ነው። ኬላ መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ ሜዳ ላይ አይቆምም፤ ሁሉም መንገደኛ በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። ስለዚህም ቢያንስ ሁለት ወገን ሊኖረው ይገባል፤ አንዱ ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ። ግቢውን ከዋናው ቤት መለየት ከፈለግን ደግሞ ሦስተኛ ወገን እንጨምራለን። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው የኔትወርክ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው። የዩኤስቢ አዳፕተር ወደ ጨዋታው የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ለምን አሮጌ ላፕቶፕ? አንደኛው ምክንያት ያለን እሱ በመሆኑ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከተማችን የደረሰባትን፣ ዩኒቨርሲቲያችንም ያጣውን ንብረት እዚህ ላለ ሰው መዘርዘር አያስፈልግም፤ ከዚያ በኋላ በየቤቱ ያለው መሣሪያ በአብዛኛው ከሌላ የተላለፈና የተጠገነ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከቴክኒክ አንጻር የበለጠ ይመዝናል። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ባትሪው ደክሞ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቢይዝ እንኳ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት አካባቢ የራሱን መጠባበቂያ ኃይል ይዞ የተወለደ ኬላ ነው። በሺዎች ብር የሚገዛ ራውተር ይህ የለውም።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። አዳፕተር ስንገዛ በውጭ የምናየው ፕላስቲኩንና በላዩ የታተመውን ስም ነው። የምንገዛው ግን ውስጡ ያለውን ቺፕ ነው። አንድ ዓይነት ቅርፊት ያላቸው ሁለት አዳፕተሮች የተለያየ ቺፕ ሊይዙ ይችላሉ፤ ስማቸው የተለያየ ሁለቱ ደግሞ አንድ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ከሁለት አምራቾች የመጡ ናቸው። ከሪልቴክ አርቲኤል 8152 በሴኮንድ 100 ሜጋቢት፣ 8153 ደግሞ 1 ጊጋቢት፣ 8156 ደግሞ 2.5 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ናቸው። ከኤሲክስ ኤኤክስ 88772 ባለ 100 ሜጋቢት፣ ኤኤክስ 88179 ባለ 1 ጊጋቢት ነው። እነዚህ ሁሉ ድራይቨራቸው በሊኑክስ ከርነል ውስጥ አብሮ ስለተካተተ ሲዲም ሆነ ማውረድ አይጠይቁም።

ከእነዚህ ውጭ በጣም ርካሽ የሆነ አንድ ወገን አለ፤ ቺፑ 9700 በሚል ቁጥር ይታወቃል። ማሸጊያው ላይ ዩኤስቢ 2.0 እና 10/100 የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። በእርግጥ ግን ይህ ቺፕ የሚሠራው በዩኤስቢ 1.1 ፍጥነት ነው፤ ይኸውም በሴኮንድ ቢበዛ 12 ሜጋቢት ነው። ከዚህም የባሰው ጉድለቱ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት የማክ አድራሻ ይዘው መምጣታቸው ነው። የማክ አድራሻ የእያንዳንዱ አዳፕተር መታወቂያ ቁጥር ሊሆን የሚገባው ሲሆን፣ እዚህ ግን ሁለት ሰው በአንድ መታወቂያ ሲንቀሳቀስ እናገኛለን። ሁለቱን በአንድ ፋየርዎል ላይ የሰካ ሰው የሚገጥመውን ግራ መጋባት መገመት አያዳግትም።

በመሆኑም የምመክረው አንድ ነገር ነው። ሻጩን የምርቱን ስም ሳይሆን ቺፑን ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ፣ ብዙ ጊዜም አያውቅም፣ ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ የዩኤስቢ ዝርዝሩን አንብቡ። የአምራቹና የምርቱ መለያ ቁጥር እዚያው ይወጣል። ከመርካቶ በመኪና ለሚያስመጣ ሰው ይህ አይመችም፤ ቢያንስ የመመለስ ውል ይያዝ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣ ዕቃ ስህተት ሆኖ ሲገኝ ዋጋው በእጥፍ ይቆጠራል።

ስለ ሶፍትዌሩ አጭር ቃል። በቤት ፋየርዎል ዘንድ ታዋቂ የሆኑት ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ በፍሪቢኤስዲ ላይ የተሠሩ ናቸው። ጥሩ ሥርዓቶች ናቸው፤ የዩኤስቢ አዳፕተር ግን ለእነሱ የተመቸ አይደለም። የፒኤፍሴንስ አዘጋጆች በሰነዳቸው የዩኤስቢ አዳፕተርን ለፋየርዎል እንደማይመክሩ በግልጽ አስፍረዋል። ያለን መሣሪያ ዩኤስቢ ብቻ ከሆነ እንግዲህ የሚሻለው ወደ ሊኑክስ ወገን ማዘንበል ነው፤ ኦፕንደብልዩአርቲ፣ አይፒፋየር፣ ወይም ተራ ዴቢያን ከኤንኤፍቴብልስ ጋር። ከዚህ በኋላ የምናገረው በዋናነት ስለዚህ የመጨረሻው ነው።

አሁን የጉዳዩ ልብ ጋ ደረስን፤ አሰያየም። በኮምፒውተሩ እናት ሰሌዳ ላይ የተሸጠ የኔትወርክ ቀዳዳ የትም አይሄድም። የዩኤስቢ አዳፕተር ግን ይነቀላል፣ ይላላል፣ ኃይል ሲያጥረው ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። ሥርዓቱ በእያንዳንዱ ጊዜ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል። ሁለት አዳፕተሮች ካሉና ስያሜው በተገኙበት ቅደም ተከተል የሚሰጥ ከሆነ፣ ከመብራት መቋረጥ በኋላ ቀድሞ የነቃው አንደኛ ይባላል። ትናንት የውጭ በር የነበረው ዛሬ የውስጥ በር ሆኖ ሊነሣ ይችላል። ደንቦቹ ግን የተጻፉት በስም ነው፤ ዘበኛው ጀርባውን ወደ መንገዱ ሰጥቶ የቤቱን ሰዎች መፈተሽ ይጀምራል።

መፍትሔው ስሙን ከማክ አድራሻው ጋር ማሰር ነው። ዴቢያንን የመሰሉ ሥርዓቶች ለዩኤስቢ አዳፕተር ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ ስሙ ረጅምና ለዓይን የማይስብ ቢሆንም አይለዋወጥም። አጭር ስም የሚፈልግ ሰው በአንዲት አነስተኛ የማዋቀሪያ ፋይል «ይህ የማክ አድራሻ ውጭ ይባል፣ ያኛው ግቢ ይባል» ብሎ መወሰን ይችላል። ትርጉም ያለው ስም መስጠት ለሚቀጥለው አስተዳዳሪ፣ ማለትም ከስድስት ወር በኋላ ለራሳችሁ፣ የምታደርጉት ውለታ ነው።

ስሙ ከጸና በኋላም አንድ ወጥመድ ይቀራል፤ ተማሪዎች በተለይ እንዲያስተውሉት እሻለሁ። በኤንኤፍቴብልስ አንድን ኢንተርፌስ በደንብ ውስጥ ለመጥቀስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቃል «አይአይኤፍ» ሲሆን ኢንተርፌሱን ከርነሉ በሰጠው ተራ ቁጥር ያውቀዋል። ሁለተኛው «አይአይኤፍኔም» ሲሆን በስሙ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ትንሽ ስለሚፈጥን በብዙ ምሳሌዎች ላይ ይገኛል። ለማይነቀል ቀዳዳ ችግር የለውም። የዩኤስቢ አዳፕተር ግን ተነቅሎ ሲሰካ ስሙ ያው ቢሆንም አዲስ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። የድሮውን ቁጥር የሚጠብቀው ደንብ በቦታው እንዳለ ይታያል፤ ግን ከእንግዲህ ማንንም አያይም። የደንቦቹ መነሻ «ያልተከለከለ ሁሉ ይለፍ» የሚል ከሆነ፣ ክልከላው ሲታወር ሁሉም ያልፋል። መነሻው «ያልተፈቀደ ሁሉ ይቁም» ከሆነ ግን የሚታወረው ፈቃዱ ነው፤ ቤቱ ኢንተርኔት ያጣል እንጂ አይጋለጥም። ስለዚህ ለዩኤስቢ አዳፕተር በስም መጥቀስና ከክልከላ መነሣት ሁለቱም ግዴታ ናቸው።

ቁጥሩን የሚያየው ቃል ሌላም ጣጣ አለው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የደንብ ፋይሉ የሚነበበው አዳፕተሩ ገና ሳይነቃ ሊሆን ይችላል፤ የዩኤስቢ ዕቃ ተለይቶ እስኪታወቅ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል። በዚያች ቅጽበት የሌለ ኢንተርፌስ በቁጥር የጠቀሰ ደንብ ካለ ፋይሉ ስህተት ነው ተብሎ ይመለሳል። ኤንኤፍቴብልስ ፋይልን የሚቀበለው ወይ በሙሉ ወይ በጭራሽ ስለሆነ አንድም ደንብ አይጫንም። ከጥቂት ሴኮንዶች በኋላ አዳፕተሩ ይነቃል፣ አድራሻ ይቀበላል፣ ኮምፒውተሩም ያለ ምንም ደንብ ሥራ ይጀምራል።

የአድራሻ መተርጎሚያው፣ ማለትም ናት የምንለው፣ በዚያው ፋይል ውስጥ ከተጻፈ እሱም አብሮ ስለሚወድቅ የቤቱ ሰው ኢንተርኔት የለም ብሎ ይጮኻል፤ ብልሽቱም ይታወቃል። ናቱ በሌላ ፋይል ወይም በሌላ ፕሮግራም የሚጫን ከሆነ ግን ኢንተርኔቱ እንደወትሮው ይሠራል። ልጆቹ ቪዲዮ ያያሉ፣ መምህሩ ኢሜይል ይልካል፤ ኬላው ግን የለም። ማንም አይጮኽም። በእኔ ግምት በቤት ፋየርዎል ላይ ሊደርስ ከሚችለው ሁሉ የከፋው ይህ ጸጥተኛ ብልሽት ነው። ናቱንና ማጣሪያውን በአንድ ፋይል መጻፍ፣ አብረው ቆመው አብረው እንዲወድቁ ማድረግ፣ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ፒኤፍሴንስ ሲነሣ የተመዘገበ ኢንተርፌስ ካጣ ሥራ አቁሞ «የትኛው የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስክሪን ለሌለው ሣጥን አስቸጋሪ ነው፤ በመርህ ደረጃ ግን ትክክለኛው ጠባይ ነው።

አብሮ የተሠራው ቀዳዳና ዩኤስቢው የትኛው በየትኛው ወገን ይሁን? የእኔ ምርጫ ዩኤስቢውን ወደ ውጭ ማድረግ ነው። የውጭው መስመር ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከአዳፕተሩ ያነሰ ስለሆነ የሚባክን አቅም የለም። አዳፕተሩ ቢያንቀላፋ ደግሞ ቤቱ ከውጭ ይቆረጣል እንጂ እናንተ ከውስጥ ወደ ፋየርዎሉ ገብታችሁ ከመጠገን የሚያግዳችሁ የለም። በተቃራኒው ዩኤስቢው የውስጡ በር ከሆነ፣ ሲበላሽ የጥገናውም መንገድ አብሮ ይዘጋል።

ስለ ፍጥነት ብዙ አልቆይም። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ባለ ጊጋቢት አዳፕተር በዚህ ቀዳዳ ላይ 300 ገደማ ይሰጣል፤ መላክና መቀበልም በዚያው ይጋራሉ። ለቤታችን መስመር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከፍጥነት ይልቅ ኃይሉ ያሳስበኛል። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፔር፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ይሰጣል። የራሱ ኃይል የሌለው ማከፋፈያ ላይ ሁለት አዳፕተር የሰካ ሰው ያንኑ አንድ ቀዳዳ እያካፈለ ነው፤ ሥራ ሲበዛ አንደኛው ይጠፋል። በተጨማሪም ሊኑክስ ኃይል ለመቆጠብ ሥራ የፈታ የዩኤስቢ ዕቃን የሚያስተኛ ቅንብር አለው። ለላፕቶፕ ተጠቃሚ መልካም ነው፤ ኬላ ግን ሊተኛ አይገባም፤ ይህ ቅንብር ይጥፋ።

ሙቀትም አለ። መርሳ ከወልድያ ዝቅ ያለችና የሞቀች ናት፤ ባለ ጊጋቢት አዳፕተሮች ደግሞ በባሕርያቸው ይሞቃሉ። ላፕቶፑን ቁም ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ማስቀመጥ፣ አዳፕተሩን ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ አይበጅም። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ መጠቀም አዳፕተሩን አየር ያስገኝለታል፤ የኔትወርክ ኬብሉ ክብደትም ቀዳዳውን እንዳያላላው ይረዳል። ማራዘሚያው ሌላም ጥቅም አለው፤ ኢንቴል በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው የዩኤስቢ 3.0 ግንኙነት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ ስለሚፈጥር፣ አጠገቡ ያለ የዋይፋይ አንቴና ይታወካል።

ብዙ ሰው «አዳፕተሩ አይሠራም» ብሎ የሚጥለው ግን አዳፕተሩ ደህና ሆኖ ሳለ በአድራሻ ግጭት ምክንያት ነው። የአገልግሎት ሰጪው ሣጥን ለቤቱ 192.168.1 የሚለውን የአድራሻ ክልል ያድላል እንበል። ኦፕንደብልዩአርቲም ሆነ ፒኤፍሴንስ ሲጫኑ ለውስጥ ወገናቸው የሚመርጡት ያንኑ ክልል ነው። ፋየርዎሉ በግራም በቀኝም አንድ ቀበሌ ሲያይ ፓኬቱን ወዴት እንደሚልክ አያውቅም። የውስጡን ክልል ለምሳሌ ወደ 192.168.50 መለወጥ ይበቃል። ከዚሁ ጋር የሣጥኑ ዋይፋይ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ተከራዩም ልጁም በለመዱት ስም እየገቡ በኬላው ጀርባ ያልፋሉ፤ የደከማችሁበት ሁሉ ጌጥ ይሆናል።

ከመርሳ ግቢ አስቀድሞ በጽሑፍ የደረሰኝ ጥያቄ አለ፤ መደበኛ መስመር የሌለው ቤት ስልኩን በዩኤስቢ ከፋየርዎሉ ጋር አገናኝቶ እንደ ውጭ በር ሊጠቀምበት ይችላል ወይ? ይችላል። የአንድሮይድ ስልክ የኢንተርኔት ማጋሪያው ሲከፈት ለሊኑክስ ራሱን እንደ ኔትወርክ አዳፕተር ያቀርባል። ነገር ግን ብዙ ስልኮች ማጋሪያው በተከፈተ ቁጥር አዲስ የማክ አድራሻ ይፈጥራሉ። ቅድም ያልኩት በማክ አድራሻ መሰየም እዚህ ላይ አይሠራም። በምትኩ ስሙን ከተሰካበት ቀዳዳ ጋር ማሰር ይቻላል፤ «በግራ በኩል ባለው ቀዳዳ የገባ ሁሉ ውጭ ነው» እንደ ማለት። ከዚያ በኋላ ስልኩን በሌላ ቀዳዳ አለመሰካት የቤቱ ሕግ ይሆናል። ሲም ካርድ የሚቀበለው ዶንግልም የራሱ ጠባይ አለው፤ አንዳንዱ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ሲዲ ማጫወቻ ነው፤ ወደ ሞደምነት የሚያዞረው አነስተኛ ፕሮግራም ካልተጫነ በዚያው ይቀራል። አንዳንዱ የሁዋዌ ዶንግል ደግሞ ራሱ ራውተር ስለሆነ በ192.168.8.1 አድራሻ የራሱን ናት ያመጣል፤ ይሠራል፤ ከውጭ ወደ ቤት የሚገባ ግንኙነት ግን አትጠብቁ። መረቡ ከምንጩ ሲቋረጥ ደግሞ የትኛውም ፋየርዎል ሊመልሰው አይችልም፤ መስመሩ ሲጠፋ ወደ ስልኩ፣ ስልኩ ሲጠፋ ወደ መስመሩ መሻገር ብቻ ነው የሚችለው።

ሌላ አማራጭ የለም ወይ ለምትሉ፣ አለ። ቪላን የሚለይ ስዊች ያለው ሰው በአንዲቱ አብሮ የተሠራች ቀዳዳ ውጭውንም ውስጡንም ለይቶ ማስኬድ ይችላል፤ ዩኤስቢ ጭራሽ አያስፈልገውም። ስዊቹን ማግኘት ከተቻለ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። ዋጋውና አቅርቦቱ ግን ዛሬ ከአዳፕተሩ ጋር አይወዳደርም።

በመጨረሻ ለላብራቶሪ የምትሠሩትን ልንገራችሁ። ፋየርዎላችሁ ሥራ ላይ እያለ አዳፕተሩን ነቅላችሁ መልሱ። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አዳፕተሩ ሳይሰካ አስነሡና ከአንድ ደቂቃ በኋላ ስኩት። ሦስተኛ፣ ባትሪውን አውጥታችሁ የመብራቱን ገመድ በድንገት ንቀሉና እንደገና አስነሡ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ላፕቶፕ በፋየርዎሉና በሣጥኑ መካከል፣ ማለትም በውጭ ወገን፣ አገናኝታችሁ በኤንማፕ ፈትሹት፤ የደንቦቹን ዝርዝርም አውጥታችሁ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ኢንተርኔቱ መመለሱን ብቻ አይታችሁ «አልፏል» ብላችሁ አትጻፉ። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ከውጭ የተከፈተ ቀዳዳ ከታየ፣ መጀመሪያ የምትመለከቱት በደንቡ ውስጥ ኢንተርፌሱ በቁጥር ነው ወይስ በስም የተጠቀሰው የሚለውን ነው።